ቅቤ ያልነካው እጅ

እኔ ነጅሚያ ነኝ። ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ቅመም ስሸጥ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አፍንጫዬን የማያውቅ የለም። ኮረሪማው የዘንድሮ ይሁን የአምና፣ በርበሬው ውስጥ ምን ምን እንደገባ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። ይህንን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራም አለበት። ግን ዋናው ነገር አፍንጫዬ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ከድቶኛል፤ በዚያችው በአንዷ ጊዜ ደግሞ ጎረቤቴን የሺን በገዛ እጄ አቃጠልኳት። የማወራችሁ ስለ እሷ ነው።

የሺ ጌጡ ሹሩባ ሠሪ ናት። የኔን ሱቅና የእሷን ክፍል የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። እኔ ሳስነጥስ ከወዲያ «ይማርሽ» ትለኛለች፤ እሷ ሰው ስታማ እኔ ከወዲህ ሆኜ እጨምርበታለሁ። ከጋይንት፣ ከእብናት፣ ከሐሙሲት ሴቶች ለጥምቀትና ለፋሲካ ፀጉራቸውን ሊሠሩ እሷ ዘንድ ይመጣሉ። እጇ ኃይለኛ ነው፤ አጥብቃ ነው የምትጎነጉነው። ከእሷ ክፍል የወጣች ሴት ሁለት ቀን ሙሉ ቅንድቧ ወደ ላይ ተስቦ የደነገጠች መስላ ትውላለች። «ኧረ ቀስ በይ፣ እንቅልፍ ነሳሽኝ እኮ» ሲሏት «ለመተኛት ከሆነ ቤትሽ ተኚ፤ እኔ ጋ የመጣሽው ለማማር ነው» ትላለች። ሹሩባዋ ግን ወር ሙሉ ንቅንቅ አይልም።

ከስምንት ዓመት በፊት ክርኗ ላይ አንዲት ቀይ ነገር ወጣችባት። ላይዋ ነጭ ቅርፊት አለው፤ ሲያኩት ይረግፋል። ቀስ እያለ ወደ ጉልበቷ፣ ወደ እጇ ጀርባ፣ ወደ ጣቶቿ መገጣጠሚያ ሄደ። እኔ መጀመሪያ ቋቁቻ ነው አልኩ። ቀጥዬ ጭርት ነው አልኩ። ምንም የማላውቀው ነገር ላይ ሐሳብ መስጠት ልማዴ ነው። የሺ የፈራችው ግን ሰው አይቶ «ለምጽ ነው» እንዳይላት ነበር። ሥራዋ በሰው ራስ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ከተወራ አለቀላት።

ታዲያ ስምንት ዓመት እንዴት ሳይታወቅባት ኖረች? በቅቤ ነዋ! የሹሩባ ሠሪ እጅ መቼም ቅቤ አያጣውም። የሺ ጠዋት ክፍሏን ስትከፍት በመጀመሪያ የምታደርገው እጇን እስከ ክርኗ ድረስ ለጋ ቅቤ መቀባት ነው። ቅቤው ቅርፊቱን አለስልሶ ያስተኛዋል፤ ቆዳዋ ወዝ ያለው ብቻ ይመስላል። ከላይ ረጅም እጅጌ ሹራብ ትደርብበታለች። ደንበኞቿም «የሺ እኮ ቅቤ አትሰስትም» እያሉ ያመሰግኗታል። ለቅቤው ሽታ አሪቲ የማቀብላት እኔ ስለሆንኩ ምስጢሩን የምናውቀው እኔና ያሳደገቻት ልጅ መሠረት ብቻ ነበርን።

እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ቅመም ሻጭ ሆኜ እንዴት ዝም እላለሁ? የጥቁር አዝሙድ ዘይት ሰጠኋት። እሬት ቆርጠን ዝልግልጉን ቀባናት፤ ያቀዘቅዘኛል አለች፤ ቅርፊቱ ግን ተመልሶ መጣ። ከዚያ እርድ በማር ለወስኩላት። ወላሂ በቅን ልቤ ነው! እጇ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቢጫ ሆኖ ቀረና ደንበኞቿ «የሺን የወፍ በሽታ ይዟታል» ብለው በሎሚ፣ በስኳርና በምክር አጥለቀለቋት። ምክሩን እሷ ወሰደች፤ ስኳሩን እኔ።

የሺ ልጅ አልወለደችም። መሠረት የእህቷ ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት አምስት ዓመቷ ነበር። የሺ አምጥታ አሳደገቻት። ያቺ ልጅ ፀጉሯ ሲሠራ መቀመጥ የሚባል ነገር አታውቅም፤ እንደ ጥጃ ነበር የምትፈራገጠው። የሺ በጉልበቶቿ መካከል ቆንጥጣ ይዛ «አትነቃነቂ! ለሠርግሽ አልባሶ አድርጌ እሠራሻለሁ፤ በዚያ ቀን የማንም እጅ አይነካሽም፣ የኔ ብቻ ነው» ትላት ነበር። ይህችን ቃል በቆርቆሮው በኩል ስሰማ ነው የኖርኩት። መሠረት አድጋ አስተማሪ ሆነች። የአንበሳሜ ልጅ ወደደች፤ ሽማግሌ ተላከ፤ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

የሙሽራው እናት እትዬ ወርቅነሽ ይባላሉ። በየፋሲካው ከአንበሳሜ መጥተው ፀጉራቸውን የሚሠሩት የሺ ዘንድ ነው። ነጠላቸው ሁልጊዜ አዲስ ከሳጥን የወጣ የሚመስል፣ ሲናገሩ የሚቆጥቡ፣ ሲስቁም በልክ የሚስቁ ሴት ናቸው። መስከረም ላይ፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ዝምድናውን ሊያጠብቁ የሺ ቤት ለምሳ መጡ። እኔም ተጠርቼ ነበር፤ ሽሮዬ ለብቻዬ ተሠርቶልኛል። የሺ ከጠዋት ጀምሮ ወጥ ስትሠራ፣ ዕቃ ስታጥብ ነው የዋለችው፤ እጇን ቅቤ አልነካውም። እንግዳ ላክብር ብላ እጅጌዋን ሰብስባ ማስታጠቢያውን ራሷ ይዛ ቀረበች። እኔ ከወዲያ ሆኜ በዓይኔ «ተይ፣ ለመሠረት ስጫት» ብላት አላየችኝም።

ውኃው መፍሰስ ጀመረ። እትዬ ወርቅነሽ የየሺን ጣቶች አዩ። ክርኗን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ከውኃው ሥር ቀስ አድርገው ሳቡና፣

«ለካስ እኔ ዛሬ ጾም ነኝ» አሉ።

ማክሰኞ! በመስከረም! ማክሰኞ ጾም እንደሌለ እኔ ሙስሊሟ እንኳ አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን በሽማግሌ መልእክት መጣ። ሠርጉ በተባለው ቀን ነው፤ ልጅቷን ወደናታል፤ ፀጉሯን ግን ሌላ ሴት ትሥራት፤ ያ እጅ የሙሽራዋ ራስ ላይ እንዳያርፍ። ሽማግሌው ይህን ሲናገር ዓይኑን ጣራው ላይ ሰክቶ ነበር። የሺ «እሺ» ብላ ሸኘችው። ከዚያ ወደኔ ሱቅ መጥታ የበርበሬው ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

«ንገሪያቸው!» አልኳት። «ስምንት ዓመት በዚሁ እጅ ሠርተሻቸዋል። የሚጋባ ነገር ቢሆን መጀመሪያ የሚይዘው እሳቸውን አልነበረም?»

«አንቺ ሴትዮ አብደሻል? ደብቄ እንደሠራኋቸው የጋይንቱም የእብናቱም ሰው ይስማና ማን በሬን ይረግጣል? ተይኝ ነጅሚያ። ጥር ሳይገባ እድናለሁ። ድኜ በራሴ እጅ እሠራታለሁ።»

ባሕር ዳር ሄደች። የቆዳ ሐኪሙ ገና ሲያየው «ሶሪያሲስ ይባላል» አላት። ሰው ላይ አይጋባም፤ ያለው ቆዳሽ ጊዜው ሳይደርስ ሌላ ቆዳ እየቸኮለ እየበቀለ ነው፤ ጨርሶ አይጠፋም፤ በመድኃኒት ግን ይታገሣል አላት። የሚቀባ መድኃኒት ሰጣት፤ ጠዋት ጠዋትም ትንሽ ትንሽ ፀሐይ ሙቂ አላት። የሺ ከዚህ ሁሉ ጆሮዋ የገባው «አይጠፋም» የምትለው ብቻ ናት። መድኃኒቱን ሳጥን ውስጥ ወርውራ ቆለፈችበት።

ጉና ግርጌ አባባ ጥላዬ የሚባሉ ለቆዳ መድኃኒት የሚሰጡ ሽማግሌ አሉ። ታኅሣሥ ሲገባ የሺ ለኔም ለመሠረትም ሳትነግር መኪና እስከሚያደርሳት ሄደች፤ የቀረውን በበቅሎ ወጣች። የአባባ ጥላዬ ሕግ የሌሎቹም መድኃኒት ዐዋቂዎች ሕግ ነው። የቅጠሉ ስም አይጠየቅም፤ ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይረክሳል ይባላል። ስለዚህ ቅጠሉን ወቅጠው በበግ ሞራና በድኝ ይለውሱታል፤ ዓይንም አፍንጫም እንዳይለየው ነው። ለየሺ ሰጥተው ሦስት ነገር አዘዟት፦ ስሙን አትጠይቂ፣ መቀባትሽን ለማንም አትናገሪ፣ ሰባት ቀን ፀሐይ እንዳያይሽ። ሁለቱን ጠበቀች። ሦስተኛውን እኔ አፈረስኩባት።

ያን ሰሞን ጉንፋን ጥሎኝ ነበር። አፍንጫዬ ከመደፈኑ የተነሳ ቁንዶ በርበሬና አፈር አልለይም። የሺ እስከ ጣቷ ጫፍ በነጠላ ተጠቅልላ ስትመጣ አየኋትና፣

«ምን ሆነሽ ነው እንደ አራስ የተሸፋፈንሽው?» አልኳት።

«ፀሐይ እንዳያየኝ ተብዬ ነው።»

«ማነው ያለሽ?»

ነጠላዋን ይበልጥ ወደ ጣቷ ሳበችው።

«ሐኪሙ ፀሐይ ሙቂ አላለሽም? ይኸ የማን ተረት ነው ደግሞ? ነይ ውጪ!» እጇን ይዤ ጎተትኳት። ታኅሣሥን ታውቁታላችሁ፤ ማታና ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ቀን ላይ ግን ፀሐዩ ቆዳ ይገፍፋል። ሱቃችን ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ከረፋዱ እስከ ምሳ ሰዓት ሞቀች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አፍንጫዬን እየጠረግኩ «በርቺ፣ ገልብጪው፣ በዚያ በኩልም ይምታው» እላታለሁ። ክንዷ ላይ አረንጓዴ ነገር አይቼ ምን እንደሆነ ስጠይቃት «ቅባት ነው» አለችኝ። የሐኪሙ መሰለኝ። እሷ ደግሞ በልቧ ቅጠሉንም ፀሐዩንም አንድ ላይ ባደርግ ቶሎ እድናለሁ ብላለች። ይኸውላችሁ የሁለት ብልጦች ሥራ!

በሁለተኛው ቀን ይቆጠቁጠኛል አለች። በሦስተኛው ቀን ክፍሏን አልከፈተችም። ቤቷ ስሄድ ከጣቷ እስከ ክርኗ ቀልቶ ውኃ ቋጥሯል፤ አንዳንዱ ባቄላ ያህላል። መሠረት አጠገቧ ተንበርክካ ታለቅሳለች።

አላህ ይወቀው፣ ድንጋጤው ይሁን ምን፣ ጉንፋኔ የለቀቀኝ እዚያው ላይ ነው። ወደ ክንዷ ጎንበስ ስል መጀመሪያ ድኝ ሸተተኝ። ከድኙ ሥር የበግ ሞራ አለ። ከሞራው ሥር ደግሞ አንድ የማውቀው ነገር፣ በየቀኑ በርበሬ ላይ የምጨምረው ነገር...

«ጤና አዳም!» ብዬ ጮኽኩ። «የሺ፣ ይኸ ጤና አዳም እኮ ነው!»

«ዝም በይ! ስሙን አትጥሪ፣ ይረክሳል!»

«ረክሶ ነው እንጂ እንዲህ ያደረገሽ! ከዚህ ወዲያ ምን ይረክሳል? ደግሞስ ጓሮሽ ሞልቶ የለም እንዴ? ወጥ ቤትሽ ጀርባ ለበቀለ ቅጠል ጉና ድረስ በበቅሎ!»

መሠረት ለቅሶዋን ሳትጨርስ ሳቋ አመለጣት። የሺም ሳቀችና ሲያማት «አታስቁኝ፣ አፈር ስሆን» አለች።

ፍቅርተ የምትባል ደንበኛ አለችኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ የቅጠላ ቅጠል መድኃኒት ነው የምታጠናው። መጀመሪያ ስትመጣ ደብተር ይዛ «ይህን ምን ትሉታላችሁ? ከየት ይመጣል?» ስትለኝ ግብር አስከፋይ መስላኝ ዕቃዬን ሁሉ «ይኸ የሚጣል ነው፣ ይኸም የተበላሸ ነው» እያልኩ ስዋሽ ነበር የዋልኩት። ደወልኩላት፤ በሩጫ መጣች። የሺን ጤና ጣቢያ ይዘናት ሄድን፤ ቁስሉ ታጥቦ በፋሻ ተጠቀለለና ወደ ቤቷ መለስናት። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ካስነገረችን በኋላ ፍቅርተ ራሷን ያዘች።

«ጤና አዳም ውስጥ ቆዳን ከፀሐይ ጋር የሚያጣላ ነገር አለ» አለች። «ተቀብታችሁ ጥላ ውስጥ ብትቀመጡ እንዲህ አያደርግም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ያቃጥላል። የሚገርመው የዚሁ ዘር የሆነውን ነገር ከሌላ ተክል አጥርተው፣ መጠኑን ለክተው፣ ከተለካ ብርሃን ጋር ለሶሪያሲስ የሚሰጡ ሐኪም ቤቶች አሉ። እናንተ ግን ያልተለካ ቅጠል ባልተለካ ፀሐይ ጠበሳችሁት።»

የሺ ሁለቱም እጆቿ በፋሻ እንደተጠቀለሉ ዓይኗ በራ። «እንግዲያው ይሠራል ማለት ነው?»

«አላልኩም! ቀብቶ ፀሐይ መውጣት ከዛሬ ጀምሮ የለም። እሬቱንም እርዱንም እያጠኑት ያለ ሰው ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ተስፋ አለው፤ ይኸው መድኃኒቱ ብሎ ለመስጠት ግን ገና ነው። የሐኪሙ መድኃኒት የት አለ?»

መሠረት ተነስታ ሳጥኑን ከፈተች።

እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። ያንን ሽማግሌ አንድ ነገር ሳልለው አልቀርም አልኩ። ፍቅርተ «ብቻሽንማ አልሰድሽም፣ ትጣዪያለሽ» ብላ ተከተለችኝ። ጉና ግርጌ ስንደርስ ነፋሱ ሻሼን ሊወስደው ይታገለኛል። አባባ ጥላዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው የገብስ ክምር ተጠግተው ተቀምጠዋል። ሰላምታም አላስቀደምኩ።

«አባባ፣ አንቱ እንዴት ያለ ሰው ነዎት? ሴትዮዋን አቃጥለው ሊገድሏት ነው?»

«የቷን?» አሉ ሳይቆጡ።

«ሹሩባ ሠሪዋን፣ የሺን!»

ትንሽ አሰቡና «ፀሐይ አይቷት ነው?» አሉ።

«አዎ፣ ታዲያ...»

«ሰባት ቀን ፀሐይ እንዳያይሽ ብያታለሁ እኮ። ማነው ያወጣት?»

ፍቅርተ ዞር ብላ አየችኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ያ ተረት ነው ብዬ የሳቅኩበት ትእዛዝ ከሁላችንም በላይ ጠባቂዋ ነበር።

ፍቅርተ ብልህ ናት፤ የቅጠሉን ስም አንዴም አልጠራችም። «አባባ፣ ያ ቅጠል ፀሐይ ለምን እንደሚጠላ ያውቃሉ?» አለቻቸው።

«አባቴ አልነገረኝም። የሱም አባት አልነገረው። እንዳያየው ብቻ ነው ያሉት።»

እሷ ነገረቻቸው። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ሰሙና ጭናቸውን በጥፊ መቱት። «ወይ ጉድ! እኔኮ ሰባ ዓመት ሙሉ ጋኔን ነው ስል!» ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው። ከዛሬ ወዲያ ለሚመጣው ሁሉ ምክንያቱን ሊነግሩ፣ ሌላ መድኃኒት ይዞ እንደሆነም ሊጠይቁ ቃል ገቡ። «ስሙን ግን አልናገርም» አሉ ወደኔ እያዩ። «እኔም አልሰማሁም» አልኳቸው። ስንነሳ ድንች በከረጢት ሰጡን።

ተመልሼ የሺ ፊት ቆምኩና «ይቅር በይኝ፣ ፀሐይ ላይ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

«የተቀባሁትን የደበቀሽስ ማነው? ብነግርሽ ኖሮ ትጎትቺኝ ነበር?» አለችኝ። ከዚያ በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «መደበቅ ሰለቸኝ፣ ነጅሚያ» አለች።

ገና ካለፈ በኋላ ፋሻው ተፈታ። የተቃጠለው ቦታ ጠቋቁሮ ቀርቷል፤ ቅርፊቱ በሐኪሙ መድኃኒት ሳስቷል እንጂ አልጠፋም። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ቅዳሜ፣ ገበያው ሞልቶ፣ የሺ ክፍሏን ከፍታ እንደ ወትሮዋ እጇን በቅቤ አውዝታ ትሠራለች። ዝናሽ የምትባል የሐሙሲት ሴት ግማሽ ራሷ አልቋል፤ ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። እትዬ ወርቅነሽ ገቡ። ከበሩ ሳያልፉ፣ የባሕር ዳር ሹሩባ ሠሪ እንዳገኙ፣ የሺ እንዳትጨነቅ በትሕትና ነገሯት።

የሺ የዝናሽን ፀጉር ለቀቀች። ጨርቅ አነሳችና እጇን መጥረግ ጀመረች። ከጣቷ እስከ ክርኗ ቅቤውን ሁሉ ጠረገችው። እኔ ከቆርቆሮው ወዲህ በቀዳዳ እያየሁ ነው፤ አልዋሽም። ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እትዬ ወርቅነሽ፣ ይኸ እጅ እንዲህ ከሆነ ስምንት ዓመቱ ነው» አለች። «አምና ለፋሲካ ሲመጡ እንዲሁ ነበር። ካቻምናም። ከዚያ በፊትም። በቅቤ ሸፍኜ ነው አንቱንም ሁሉንም ስሠራ የኖርኩት። አይጋባም፤ ሐኪም ብሎኛል። እኔ ግን ትሸሹኛላችሁ ብዬ ፈርቼ ደበቅኳችሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። መሠረት ግን ልጄ ናት፤ ይኸ እጅ ነው ያሳደጋት።»

ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሁለት ሴቶች ተያይተው ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ዝናሽም ልትነሳ ብድግ አለችና ራሷን ዳሰሰች፤ አንዱ ወገን ሹሩባ፣ አንዱ ወገን ጎፈሬ። «እኔስ በግማሽ ራስ የት እገባለሁ?» ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። «ስድስት ዓመት ስትሠሪኝ ምን ሆንኩ? ጨርሺልኝ እንጂ!»

እትዬ ወርቅነሽ ሻሻቸውን ፈቱ። ራሳቸውን በጣታቸው ዳበሱ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «አንቺ፣ ነይ እዪልኝ» አሉኝ። ፀጉራቸውን በየመሥመሩ ገልጬ አየሁ።

«ሽበት ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«ስለ ሽበቱ አልጠየቅኩሽም» አሉና ሻሻቸውን አስረው ወጡ።

ወሬው በዚያው ቀን ገበያውን ዞረ። ጥምቀት ቢደርስም፣ ሌላ ጊዜ ወረፋው እኔ በር ድረስ የሚደርስበት ሳምንት፣ የሺ ክፍሏን ከፍታ ብቻዋን ተቀመጠች። እኔ ሄጄ ፀጉሬን አስጎነጎንኩ፤ በበዓላቸው ሹሩባ ተሠርቼ ሲያየኝ ሙስጠፋ፣ ባለቤቴ፣ «ምነው፣ ታቦት ልትሸኚ ነው?» አለኝ። የዝናሽ እህትም መጣች። በቃ፣ ይኸው ነው። የሺ ግን አላለቀሰችም። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ በሩ ላይ ነበር የምትቀመጠው።

ሠርጉ እሑድ ነው፤ ሐሙስ ረፋዱ ላይ እትዬ ወርቅነሽ ከአንበሳሜ መጡ። የገዛ ሚዶአቸውን ይዘዋል። ገብተው በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ፤ ሻሻቸውን ፈቱ። የሺ በልማድ እጇን ወደ ቅቤው ሰደደች።

«ቅቤ እንዳትነኪ» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። «በደረቅ እጅሽ ሥሪኝ።»

የሺ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ሁለት ሳምንት ራሴን ስዳብስ ከረምኩ። የልጆቼንም ራስ አየሁ። ምንም የለም። ይልቅ ያላስተኛኝ ሌላ ነው፤ በማክሰኞ ጾም ነኝ ብዬ ከማዕድሽ የተነሳሁት። ሥሪኝ በይ።»

የሺ ጀመረች። በደረቅ እጇ ስትጎነጉን ነጭ ቅርፊት ትከሻቸው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እትዬ ወርቅነሽ ዝቅ ብለው አዩትና ዱቄት እንደሚያራግፍ ሰው በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። የሺ ሁለተኛውን ጉንጉን ስትስብ ግን «ውይ!» ብለው ጮኹ። «ይኸው! ይኸ እጅ አልተለወጠም! አምናም ሁለት ቀን ዓይኔን አልከደንኩም!»

«ለመተኛት ከሆነ...» ብላ የሺ ጀመረችና ደንግጣ አፏን ያዘች።

«ቤትሽ ተኚ፣ አውቀዋለሁ» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። በልክ አልነበረም የሳቁት።

ራሳቸው ሲያልቅ ተነስተው በርጩማውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና በሩ ላይ ቆማ የነበረችውን መሠረትን ጠሩ። «የባሕር ዳሯን ሴት ቅሪ ብያታለሁ። ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ።»

መሠረት ተቀመጠች። የሺ ከኋላዋ ሆና ፀጉሯን በሚዶ ከፈለችው፤ የመጀመሪያውን አልባሶ ያዘች።

«አትነቃነቂ!» አለች የሺ።

«አልተነቃነቅኩም፣ እማዬ» አለች መሠረት። «እጅሽ ነው የሚንቀጠቀጠው።»

እኔ ወደ ሱቄ ሮጥኩ። ዓይኔ ለምን እንደቀላ ሙስጠፋ ሲጠይቀኝ በርበሬ ነው አልኩት።